የእማዬ «አዎ»

ዛሬ እማዬ ስዊድን ካለችው እህቴ ጋር በስልክ ስታወራ አጠገቧ ነበርሁ። እህቴ በየደቂቃው «ሄሎ? እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ትላለች። እማዬም «እየሰማሁሽ ነው እኮ!» ብላ ትቆጣለች።

ጥፋቱ የኔትወርክ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስተውላት «አዎ» የምትለው በቃል ሳይሆን አየር ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገች ነው፤ ያቺ ሁላችንም የምናውቃት አጭር ትንፋሽ! ስልኩ እንደ ንፋስ ቆጥሮ ሳያስቀራት አልቀረም። እማዬ አሥር ጊዜ ተስማምታለች፤ እህቴ የሰማችው ዝምታ ነው።

የሚገርመው፣ እህቴ በምትኖርበት በሰሜን ስዊድንም ሰዎች «አዎ»ን እንዲሁ በትንፋሽ ይስባሉ። የጎረቤቶቿ ይገባታል፤ የእናቷ ግን አልደረሳትም። ስንቱ ኩርፊያ መንገድ ላይ ከቀረ «አዎ» ተነስቶ ይሆን?

በቪዲዮ እንዲያወሩ አደረግኋቸው። አሁን ደግሞ እህቴ የምታየው ጣሪያችንን ነው።