አይኦስታት፦ የመጀመሪያውን ሪፖርት አትመኑ

ሰርቨሩ ኮምቦልቻ ያለ የአንድ መጋዘን ነው። በደቂቃ 7200 ዙር የሚሽከረከሩ አራት ዲስኮች በሬይድ 5 (አንዱ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያጣምር ዘዴ) ታስረውበታል፤ የሚሠራው ሊኑክስ ላይ ነው። ደረሰኝ መመዝገብ ሲንቀራፈፍ ዕቃውን ያቀረበው ድርጅት የላከው ባለሙያ አይኦስታት የሚባለውን የዲስክ ሥራ መለኪያ ትዕዛዝ አንዴ አስነሥቶ «ዲስኩ ደህና ነው» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ዲስኮቹ በሙሉ ይለወጡ» ብሎ ፕሮፎርማ ላከ። ሁለቱም ስህተት ነበር።

እኔ ሲስስታት የሚባለውን ፓኬጅ ጫንኩ፤ አይኦስታት የሚመጣው ከሱ ጋር ነው። ከዚያ አይኦስታት ብዬ፣ ከሰረዝ በኋላ ዲ፣ ኤክስ፣ ዋይ፣ በመጨረሻም 5 ጻፍኩ። ዲ ዲስክ ብቻ ያሳያል፣ ኤክስ ዝርዝሩን ያወጣል፣ 5 በየ5 ሰከንዱ ያድሳል። ዋናው ግን ዋይ ነው፦ የመጀመሪያውን ሪፖርት ያስቀራል። ያ ሪፖርት የአሁኑን ሳይሆን ሰርቨሩ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አማካይ ነው የሚያወጣው። ሌሊት ሥራ ፈቶ የሚያድር ሰርቨር አማካዩ ምንጊዜም ያማረ ነው። «ዲስኩ ደህና ነው» የተባለውም ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ዩቲል የሚለው ዓምድ ነው። 100% ሲያዩ ብዙዎች የዲስኩ አቅም አለቀ ብለው ይደነግጣሉ። ዓምዱ የሚነግረው ከጊዜው ምን ያህሉ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ዲስኩ ላይ እንደነበር ብቻ ነው። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ወይም ከአንድ ኮንትሮለር (ዲስኮቹን ከሚያዝ ካርድ) ጀርባ ያሉ አራት ዲስኮች ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስለሚያስተናግዱ፣ 100% ላይ ሆነውም ትርፍ አቅም ሊኖራቸው ይችላል። መመሪያ ወረቀቶች ከ80% ካለፈ ዲስክ ጨምሩ ይላሉ፤ እኔ ለሬይድ አልቀበለውም።

መታየት ያለባቸው አር አዌይት እና ደብሊው አዌይት ናቸው፦ አንድ ንባብ ወይም አንድ ጽሑፍ (ዲስክ ላይ መጻፍ) ወረፋውን ጨምሮ የፈጀው ሚሊሰከንድ። ለእንዲህ ያለ ዲስክ ከ10 እስከ 20 ጤነኛ ነው። እዚህ ንባቡ በዚያው ክልል ውስጥ ሆኖ ጽሑፉ ብቻ ከ200 በላይ ወጣ። ዲስኮቹ አርጅተው ቢሆን ንባቡም አብሮ ይታመም ነበር። ጽሑፍ ብቻ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኮንትሮለሩ ካሽ ነው፤ ጽሑፉ ዲስክ ላይ እስኪወርድ ለጊዜው የሚቆይበት ፈጣን ማህደረ ትውስታ።

የኮንትሮለሩን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ስከፍት የካሹ ባትሪ ሞቷል። መብራት የሚመላለስበትና ከደሴ የሚሞቅ ከተማ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ባትሪ ቶሎ ይበላል። ባትሪው ሲሞት ኮንትሮለሩ በካሽ ማቆየቱን ትቶ እያንዳንዱን ጽሑፍ በቀጥታ ዲስክ ላይ ያወርዳል። ሬይድ 5 ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ሁለት ንባብና ሁለት ጽሑፍ ያስከፍላል። አንዱ ዲስክ በሰከንድ ወደ 80 የተበታተነ ጥያቄ ቢችል አራቱ 320፣ ለአራት ሲካፈል 80 ጽሑፍ ብቻ። ደረሰኝ በሚበዛበት ሰዓት ይህ ፈጽሞ አይበቃም።

ያለ ባትሪ ካሹን በግድ ማብራት የሚፈቅዱ ኮንትሮለሮች አሉ። አታድርጉት፤ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ካሹ ውስጥ የነበረው ደረሰኝ አብሮ ይሄዳል። ባትሪውን ብቻ ቀየርኩ። ሞልቶ እስኪያልቅ ኮንትሮለሩ በቀጥታ መጻፉን ስለሚቀጥል ወዲያው ለክታችሁ «አልሠራም» አትበሉ። ሲሞላ ደብሊው አዌይት ወደ አንድ አሃዝ ወረደ፤ ዲስኮቹ እነዚያው ናቸው።

ኡቡንቱ ላይ ሲስስታት ታሪክ መሰብሰቡ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት በሚለው ማህደር ያለውን የሲስስታት ፋይል ከፍታችሁ ኢኔብልድ የሚለውን ወደ ትሩ ቀይሩና አገልግሎቱን እንደገና አስነሡት። በየ10 ደቂቃው ይመዘግባል፤ የሒሳብ ክፍል «ትናንት ከሰዓት ቆሞብን ነበር» ሲል ሳር በሚለው ትዕዛዝ፣ ሰረዝ ዲ እና፣ ለትናንት፣ ሰረዝ 1 ጨምራችሁ፣ ያንን ሰዓት ታወጣላችሁ።