የጀርባ ምስልና የመቶኛ ምስጢር፦ ከሲኤስኤስ ትምህርቴ

የድረ ገጽን መልክ የምንወስንበትን ቋንቋ፣ ሲኤስኤስን (CSS)፣ መማር ከጀመርሁ ወዲህ ከሁሉ አብልጦ የያዘኝ ጥያቄ ሰሞኑን ስለተፈታልኝ፣ በዚሁ ትምህርት ላይ ላላችሁ በዝርዝር ላካፍላችሁ ወደድሁ። ጥያቄው፣ በሰፊ ስክሪን ላይ አምሮ የሚታይ የገጽ ራስጌ ምስል በስልክ ሲከፈት በውስጡ ያለው ሰው ፊት ለምን ይቆረጣል የሚል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ብዙ አያቆዩም። ምስሉን መጥራት፣ እንዳይደጋገም ማድረግ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታችና መሃል የሚሉትን የቦታ ቃላት መጻፍ ቶሎ የሚያዝ ነገር ነው። የምስሉ አድራሻ የሚቆጠረው ስታይል ሺቱ (የሲኤስኤስ ትእዛዞቹ የተጻፉበት ፋይል) ካለበት ቦታ ተነሥቶ መሆኑንና ይዘትም ቁመትም የሌለው ሳጥን (ምስሉ የሚያርፍበት የገጹ ክፍል) የጀርባ ምስሉን እንደማያሳይ ያወቀ ሰው የሚቀጥለውን ደረጃ መጀመር ይችላል።

የሚቀጥለው መቶኛ ነው። ብዙ አጫጭር ማብራሪያዎች 50 በመቶ ማለት መሃል ነው ብለው ያልፋሉ፤ ውጤቱ እውነት ቢሆንም አሠራሩን ስለሚሸፍን ይህን አገላለጽ አጥብቄ እቃወማለሁ። የጀርባ ምስሉን ቦታ በሚወስነው ትእዛዝ፣ በባክግራውንድ ፖዚሽን (background-position) ላይ፣ ቁጥሩን በፒክሰል ስንጽፍ የምስሉ ጠርዝ ከሳጥኑ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ እንናገራለን። በመቶኛ ስንጽፍ ግን ብራውዘሩ፣ ለምሳሌ የምስሉን 20 በመቶ ነጥብ ወስዶ ከሳጥኑ 20 በመቶ ነጥብ ጋር ያገጣጥመዋል። በስሌት ሲገለጽ፣ ከሳጥኑ መጠን ላይ የምስሉ መጠን ይቀነስና ልዩነቱ በመቶኛው ይባዛል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ልዩነቱ ዜሮ ስለሚሆን ምንም ቁጥር ብንጽፍ ምስሉ ካለበት አይነቃነቅም።

ይህ ሕግ ከባድ የሚሆነው የምስሉን መጠን የሚወስነው ባክግራውንድ ሳይዝ (background-size) ከቨር (cover) ሲሆን ነው። ከቨር የምስሉን ምጥጥን ሳያዛባ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍን፣ ምስሉ በአንዱ አቅጣጫ ከሳጥኑ ጋር ልክ ይሆንና በሌላው አቅጣጫ ይተርፋል። ወርዱ 1600፣ ቁመቱ 1200 ፒክሰል የሆነ ፎቶ እንውሰድ፤ ፊቱ ከግራ 1120ኛው፣ ከላይ 240ኛው ፒክሰል ላይ ይሁን፤ ይህም 70 በመቶና 20 በመቶ ማለት ነው። ሳጥኑ 1200 በ400 ሲሆን ከቨር ፎቶውን ወደ 1200 በ900 ያሳንሰዋል፤ በወርድ ምንም ትርፍ የለም፣ በቁመት ግን 500 ፒክሰል ይተርፋል። ሁለቱም የቦታ ቁጥሮች (የመጀመሪያው የወርድ፣ ሁለተኛው የቁመት) 50 በመቶ ከሆኑ የሚታየው ከ250 እስከ 650 ያለው ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ 180 ላይ ያለው ፊት ከሳጥኑ ውጭ ይቀራል። በስልክ፣ 360 በ600 በሆነ ሳጥን፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፎቶው 800 በ600 ይሆንና ትርፉ ወደ ወርድ ይዞራል፤ 50 በመቶም ፊቱን ከቀኝ ጠርዝ 20 ፒክሰል ብቻ አርቆ ይቆርጠዋል። 70 በመቶና 20 በመቶ ብለን ስንጽፍ ግን ፊቱ በሰፊው ስክሪን ከላይ 80፣ በስልክ ከግራ 252 ፒክሰል ላይ ያርፋል፤ በሁለቱም ሙሉ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የስክሪን ወርድ አዲስ ቁጥር በሚዲያ ኬሪ (እንደ ስክሪኑ መጠን የተለያየ ትእዛዝ በሚሰጥበት መንገድ) መደርደርን አልወድም፤ የትኩረት ነጥቡን ከራሱ ከፎቶው ላይ ለክቶ አንድ ጊዜ መጻፍ ይበልጣል። በርግጥ ዘዴው ፊቱን ያስገባል እንጂ መሃል አያደርገውም፤ በስልኩ ምሳሌ ፊቱን በትክክል መሃል ለማድረግ 86 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል፣ ይህም ሳጥኑ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። እኔ ይህን ፍጽምና ትቼዋለሁ።

ከመሣሪያዎች ሁሉ የማስበልጠው የብራውዘሩን ዴቨሎፐር ቱልስ (የተከፈተውን ገጽ ሲኤስኤስ እዚያው እየለወጡ ማየት የሚያስችለውን ክፍል) ነው። ቁጥሩ ላይ ሆነን የላይ ወይም የታች ቀስቱን ስንጫን እሴቱ በ1፣ ሺፍት ይዘን ስንጫን በ10 ይለወጣል። የመጀመሪያውን ቁጥር ስንለውጥ ምስሉ ካልተንቀሳቀሰ በወርድ በኩል ትርፍ እንደሌለ በዓይናችን እናያለን፤ ስሌቱ በውስጤ የሰረጸውም እንዲህ በማየት ነው።

ለትንንሽ ጌጦችና ምልክቶች ግን ፒክሰልን እመርጣለሁ፤ ራይት 20 ፒክሰል፣ ቦተም 10 ፒክሰል ብሎ ከቀኝና ከታች መለካት ይቻላልና። ባክግራውንድ የሚለውን አጠቃላይ ትእዛዝ የምትጠቀሙ ከሆነ መጠኑ ከቦታው ቀጥሎ በእዝባር (/) ተለይቶ እንደሚጻፍ፣ ትእዛዙም ያልተጠቀሱትን እሴቶች ሁሉ ወደ መነሻቸው እንደሚመልስ አትርሱ።

ፎቶው ራሱ መልእክት የሚያስተላልፍ ከሆነ ግን ጀርባ ላይ ባይቀመጥ እላለሁ፤ የጀርባ ምስል አማራጭ ጽሑፍ (ምስሉን በቃላት የሚገልጽ ጽሑፍ) ስለሌለው ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት የስክሪን አንባቢ ሊያነበው አይችልም። በኤችቲኤምኤል (HTML) የኢሜጅ ታግ (img) አስገብታችሁ ኦብጀክት ፊትን (object-fit) ከቨር ካደረጋችሁት ኦብጀክት ፖዚሽን (object-position) በዚያው የመቶኛ ሕግ ይሠራል፤ 70 በመቶና 20 በመቶ የሚሉትን ቁጥሮችም እንዳሉ መገልበጥ ትችላላችሁ።