ቡላና ሻሼ፦ ሰባተኛ ሳምንት

ሁለቱን ጥንቸሎቼን ቡላንና ሻሼን ማላመድ ከጀመርኩ ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። ትናንት ማታ ሻሼ ቡላ አጠገብ ሄዳ አንገቷን ወለሉ ላይ ዘረጋችና ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገችለት። "ላሰኝ" ማለቷ ነው። ቡላ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ግንባሯን፣ ከዚያ የዓይኗን ዙሪያ መላስ ጀመረ። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ቡላ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዬ ውስጥ ሁለት ዓመት ብቻውን ኖሯል። ጥንቸል በተፈጥሮው ከመሰሎቹ ጋር የሚኖር እንስሳ ስለሆነ፣ ሥራ ውዬ ስመለስ ጥግ ይዞ ሳገኘው አንጀቴን ይበላኝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ የሚላመዱት የተኮላሸ ወንድና በኦፕራሲዮን የመከነች ሴት ናቸው ስለሚባል ሻሼን ከመጠለያ አመጣኋት።

ኦፕራሲዮን ከተደረገች ገና ሳምንቷ ነበር። ሆርሞኑ እስኪበርድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንደሚፈጅ እያወቅኩ ቸኮልኩ፤ በሦስተኛው ቀን ቡላ ቤት ውስጥ አስገባኋት። ያ ቤት ደግሞ የእሱ ግዛት ነው፣ ሽታው ያለበት። አንዱ የሌላውን ጭራ እያሳደደ ክብ ሠርተው ዞሩ። ጨዋታ መስሎኝ ቆሜ አየሁ። ለካ የጠብ መጀመሪያ ነው! ስገላግላቸው የሻሼ ጆሮ ጫፍ ተቀዷል፣ ወለሉ በፀጉር ተሞልቷል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ በሁለት የሽቦ አጥር ለየኋቸው። በአጥሮቹ መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ተውኩ፤ ካልሆነ በሽቦው ቀዳዳ ይናከሳሉ። ጠዋት ጠዋት ምንጣፋቸውን አቀያይራለሁ፤ ድርቆሹን ፊት ለፊት ስለማስቀምጥላቸው እየተያዩ ይበላሉ። አራት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት፤ ሁለቱም ረግጠውት ስለማያውቁ የማንም አይደለም። ሰድሩ እንዳያንሸራትታቸው ፎጣ አነጠፍኩ፣ ድርቆሹንም ሁለት ቦታ አደረግኩ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ብቻ። ቡላ ወጣባት፤ ይህ የበላይነት መለያቸው ስለሆነ ተውኩት። በጭንቅላቷ በኩል ሲወጣባት ግን ወዲያው አወረድኩት፤ ብልቱ አፏ አጠገብ ስለሚሆን ከነከሰችው ክፉ ጉዳት ነው። ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ ጭራ ከተነሣ የዚያ ቀን ልምምድ አበቃ ማለት ነው።

አሁን ሁለት ሰዓት አብረው ይቆያሉ፣ ሌሊት ግን ለየብቻ ናቸው። ቅዳሜ የቡላ ሽታ እንዲጠፋ ሳሎኑን በአቼቶ አጥቤ ሁለቱንም እኩል አስገባቸዋለሁ። መደበቂያ ካርቶኑን ሁለት በር አውጥቼለታለሁ፣ አንዷ ስትሸሽ መውጫ እንዳታጣ።