የመስቀል ቅቤ፣ የቤት ብድር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ! አገር ቤት የገባችሁ፣ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ እንደ እኔ ሥራ ይዟችሁ አዲስ አበባ የቀራችሁ፣ በሰው አገር ሆናችሁ ክትፎው በሐሳብ የሚሸታችሁ ሁሉ፣ በያላችሁበት ደስ ይበላችሁ።

ዓመቱን ሙሉ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «የቤት ብድር ሥራ ውስጥ እንዴት ገባሽ?» ትሉኛላችሁ። በተለይ እህቶቼ፣ በተለይ ገና ከኮሌጅ የወጣችሁት። በሁለት መስመር ልመልሰው ሞክሬ አልሆነልኝም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። መልሱ የሚጀምረው ከመስቀል ስለሆነ ቀኑም ይስማማዋል።

አያቴ የኖረችው እንድብር አካባቢ ነው። የጉራጌ እናት ለመስቀል ቅቤ ማጠራቀም የምትጀምረው መስከረም ሲጠባ አይደለም፤ ወራት ቀድማ ነው። አንድ ላም ያላት ሴት ብቻዋን የበዓል ቅቤ አይሞላላትም። ስለዚህ ሴቶቹ የቅቤ እቁብ ይገባሉ። እያንዳንዷ በየጊዜው ታዋጣለች፣ የተሰበሰበው በተራ ለአንዷ ይሰጣል። ክረምት ክረምት ስሄድ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣል። ዳኛዋ ትፈታዋለች፣ ታሸተዋለች፣ በመዳፏ ከፍ ዝቅ አድርጋ ትመዝነዋለች። ካነሰ ማንም አይጮህም። «የቀረው ለሚቀጥለው» ትላለች። በሚቀጥለው ይመጣል። አንድም ወረቀት የለም።

አንድ ክረምት ተራው የደረሳት ሴት ኮባውን እንደተጠቀለለ አንስታ ለአራስ ጎረቤቷ ሰጠቻት። «እኔ እቆያለሁ» አለች። በቃ። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እናቴ ደግሞ መርካቶ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ያደግነው ቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ ነበር። ኪራዩ ከምንም አይቆጠርም። ግን ጣራው ሲያፈስ የእኔ ነው ብሎ የሚያድሰው የለም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ እየቀያየርን እናድር ነበር። እማዬ በ1997 ኮንዶሚኒየም ስትመዘገብ ብዙ ሰው «አይደርስሽም» ብሏታል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንደሚያዝ ስትሰማ ግን ተስፋዋ ጠነከረ። ቆይቶ ስሟ አዲስ ዘመን ላይ ወጣ። ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ። ጎረቤት ጋዜጣውን ይዞ ሲሮጥ የገባበት ሰዓት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ቤቱ 20/80 ነው። 20 በመቶውን ራሷ ትከፍላለች፣ 80ው የባንክ ብድር ነው። ቅድመ ክፍያው ከየት መጣ? ከእቁብ። የመርካቶ ጓደኞቿ ተራቸውን ለቀቁላት።

ውሉን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ኮሜርስ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። አንድ አንቀጽ ላይ ስደርስ ምን እንደሚል አልገባኝም። አፈርኩ። ዘለልኩት። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፣ ድምፄን ግን ታውቃለች። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብላ «ያ የዘለልሽው ምን ይል ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ክፍያ ሲዘገይ ስለሚመጣው ቅጣት እንደነበር የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ይህን ሙያ የመረጥኩት የዚያን ቀን ደረጃው ላይ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ከተመረቅሁ በኋላ ሦስት ዓመት ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ሠራሁ። ከዚያ ብድር ክፍል ገባሁ። በ2008 የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከንግድ ባንክ ጋር ሲዋሃድ የቤት ብድር ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ወደተለያየ ቦታ ሄደው ነበር። ከእነሱ አንዱ እኛ ጋ መጣ። ጋሼ እንለው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረኝን እሱ አስተማረኝ። የይዞታ ካርታ እንዴት እንደሚነበብ፣ ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ የተጣለ እግድ እንዴት እንደሚጣራ፣ ያልተከፈለ የመሬት ሊዝ ውዝፍ የት እንደሚደበቅ። የግንባታ ብድር በአንድ ጊዜ እንደማይለቀቅና ኢንጂነሩ ሥራው የደረሰበትን አይቶ ሲፈርም ብቻ በየደረጃው እንደሚሰጥ። ሳይት ይዞኝ ይሄዳል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሠራተኞቹ መልሱን የሚሰጡት ለሾፌራችን ነበር፣ ጠያቂዋ እኔ ሆኜ ሳለ። ጋሼ «እሷን ንገሯት» ይላል። ከዚያ በኋላ ለእኔ ይነግሩኛል።

አንድ ስሌት ልንገራችሁ፤ ብድር ልትወስዱ ያሰባችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። 3 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ብትበደሩ ወርሃዊ ክፍያው 44 ሺህ ብር ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 42,500ው ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,500 ብቻ። ሃያ ዓመቱ ሲያልቅ የከፈላችሁት ከ10 ሚሊዮን ተኩል ይበልጣል። ይህን የምነግራችሁ እንድትፈሩ አይደለም። ትርፍ ብር ስታገኙ ከዋናው ላይ ቀድማችሁ መክፈል ይቻል እንደሆነ፣ ለዚያም ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ያቺ ትርፍ ብር ብዙ ወለድ ታስቀራለች።

የሚያመኝንም ልጻፍ። እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታስረክብ አንዲት ሴት መጣች። የስድስት ዓመት የእቁብ ደብተር ይዛለች። አንድ ሳምንት አልጎደለባትም። የዱቄት አሻራ ያለበት ደብተር ነው፤ በየገጹ የጸሐፊው ፊርማ አለ። ያኔ የምሠራበት ቦታ ደብተሩን እንደ ገቢ ማስረጃ አይቀበልም ነበር። ማመልከቻዋ ላይ «አያሟላም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «እሺ የኔ ልጅ» አለችና ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከእንድብር ሴቶች እስከ እማዬ ጓደኞች ድረስ ያደግኩት በእንደዚያች ሴት እምነት ነው፤ ወረቀት ፊት ስትቆም ግን እንደሌለች ተቆጠረች።

ከዚያ ወዲህ ለማገኛት ሴት ሁሉ የምለው አንድ ነው። እቁብሽን አትተዪ። ግን ብሩ ሲደርስሽ በራስሽ ስም ባለው አካውንት አሳልፊው። ከሆቴሉም የምትቀበይውን እዚያው አስገቢ። ዓመት፣ ዓመት ተኩል እንዲህ ካደረግሽ ለብድር ክፍሉ የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል። በ2014 ሥራ የጀመረውን ጎህ ቤቶች ባንክን የመሰለ በቤት ብድር ላይ ያተኮረ ባንክ መምጣቱ ደስ ያሰኘኝም ለዚህ ነው፤ የእነዚህን ሴቶች ነገር የሚያስብ ሰው ይበዛል ብዬ።

ያለፉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ሁሉን ያሟሉ ሰዎችን «ጠብቁ» ማለት ሥራዬ ሆነ። ሲጠብቁ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ለውጥ መጣ፤ ብር ከዶላር አንጻር ወረደ። ሊፍቱም ሴራሚኩም ከውጭ ነው የሚገባው። በያዙት ቅድመ ክፍያ የሚገዙት ቤት ከእጃቸው ወጣ። ስንቱን አብሬ አዝኛለሁ።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሥራ ልቤን ይሞላዋል። ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን መያዣ ሲያደርጉ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያለው ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ ሚስት የምትመጣው ለፊርማ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንዱ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብሎ በጣቱ አሳያት። ወረቀቱን ወደ እሷ አዞርኩትና ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። የቅጣቱ አንቀጽ ላይ ስደርስ «ቆይ፣ እሱን ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። ባሏም ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋና ማዳመጥ ጀመረ።

ቅቤው ዛሬ ጠዋት ከአገር ቤት ደርሷል። እንደ ድሮው በኮባ ተጠቅልሎ። እማዬ ጀሞ ወጥ ቤቷ ውስጥ ፈትታ ስታሸተው ደረስኩ። የባንኩን ዕዳ ከፍላ ከጨረሰች ቆይታለች። ግን በየመስቀሉ ሳትጠይቀኝ አታልፍም። «ዘንድሮ ስንት ሰው ቤት አስገባሽ?» አለችኝ። ቁጥሩን ነገርኳት። «ሴቶቹስ?» አለች። እሱንም ነገርኳት። ቅቤውን መልሳ ሸፈነችና ጎመኑን እንድከትፍ ቢላዋውን ሰጠችኝ።

መልካም መስቀል፣ ወዳጆቼ!