ፎሶሊያ በነጭ ሽንኩርትና በዛላ በርበሬ

ለረጅም ጊዜ የጠበስኩት ፎሶሊያ ሁሉ መልኩ የደበዘዘ፣ ጣዕሙም ውሃ ውሃ የሚል ነበር። ጥፋቱ የቅመም ማነስ መስሎኝ በየጊዜው በርበሬውን እጨምርበት ነበር፤ ነገር ግን ምላሴን ከመለብለብ በቀር አትክልቱ ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ችግሩ ውሃው እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ፎሶሊያውን አጥቤ እያንጠባጠበ መጥበሻው ላይ ስለምገለብጠው፣ እየቀቀልኩት እንጂ እየጠበስኩት አልነበረም።

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ ላዩ ላይ ያለው እርጥበት ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ አትክልቱ ከዚያ ብዙም ሊግል አይችልም። የጥብስን ሽታና ጣዕም የሚያመጣው ቡናማ መልክ ግን በደንብ መታየት የሚጀምረው ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ከቅመሙ ሁሉ በፊት የምጨነቅበት ጉዳይ ማድረቅ ሆኗል።

ግማሽ ኪሎ ፎሶሊያ ጫፍና ጫፉን ቀንጥሼ፣ ጅማት ካለውም ስቤ አውጥቼ፣ ጨው በገባበት የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ለ2 ደቂቃ ቀቀል አደርገዋለሁ። ድስቱን አልከድንም፤ ከአትክልቱ የሚወጣው አሲድ ከእንፋሎቱ ጋር ካልሄደ አረንጓዴውን ቀለም ያበላሸዋልና። ቀለሙን ለመጠበቅ ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ በእርግጥ አረንጓዴነቱ ይደምቃል፣ ፎሶሊያው ግን ይላሽቃል፤ እኔ አልወደውም። ካወጣሁት በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እነክረውና በንጹህ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ ጠብ የሚል ነገር እስኪጠፋ ድረስ አደርቀዋለሁ። ይህን ከእራት ሰዓት ቀደም ብሎ ያጠናቀቀ ሰው፣ የቀረው ሥራ ከ10 ደቂቃ አያልፍበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው በርበሬው ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን የሚባለው፣ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በዘይት ግን ይሟሟል። በርበሬውን መጨረሻ ላይ ብንበትነው ማቃጠሉ እዚህም እዚያም ብቻ የሚሰማ ይሆናል፤ አስቀድሞ ዘይቱ ውስጥ ከገባ ግን እያንዳንዱ ፎሶሊያ እኩል ይለብሰዋል፣ የሚያስፈልገው የበርበሬ መጠንም ያንሳል። እኔ ሁለት ዛላ በርበሬ ሰባብሬ ፍሬውን አራግፋለሁ። ፍሬውን የማራግፈው ብዙዎች እንደሚያስቡት ማቃጠሉን ፈርቼ አይደለም፤ ካፕሳይሲኑ በብዛት የሚገኘው ፍሬዎቹ በተያያዙበት ነጣ ያለ ገለፈት ላይ ነው፣ ፍሬው ግን ቶሎ ጠቁሮ ይመራል። (በርበሬ የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ዓይን ማሸት ምን እንደሚያስከትል አንድ ምሽት ሙሉ ተምሬዋለሁ።)

አራት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት በስሱ ቆራርጬ፣ ገና ባልጋለ መጥበሻ ላይ ከሁለት ሾርባ ማንኪያ ዘይትና ከበርበሬው ጋር እጥደዋለሁ። እሳቱ መካከለኛ መሆን አለበት። መጀመሪያ ጥቃቅን አረፋዎች ነጭ ሽንኩርቱን ይከብቡታል፣ ከዚያ ሽታው ቤቱን ያውደዋል፣ ከዚያም የቁርጥራጮቹ ዳር እንደ ገለባ ብጫ ሲል ወዲያውኑ ከበርበሬው ጋር በማጥለያ አውጥቼ ሰሃን ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ይህን እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጥር ይኖራል፤ ነገር ግን ፎሶሊያው የሚፈልገው ኃይለኛ እሳት ነጭ ሽንኩርትን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አክስሎ መራራ ያደርገዋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማስደሰት የሚቻል አይመስለኝም።

አሁን እሳቱን ከፍ አድርጌ ፎሶሊያውን ቅመሙ በሰረጸበት ዘይት ላይ እጨምረዋለሁ። ቸስ የሚል ድምፅ ካልሰማሁ መጥበሻው ገና ነው ማለት ነው። ለአንድ ደቂቃ ሳልነካው እተወዋለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ማማሰል ቡናማ ነጠብጣቡ እንዳይወጣ ያደርጋል። ከዚያ እያገላበጥኩ ሦስት ደቂቃ ያህል ካቆየሁት በኋላ ነጭ ሽንኩርቱንና በርበሬውን መልሼ፣ ጨው ነስንሼ አወርደዋለሁ። በፎሶሊያ ፋንታ ቆስጣ ከሆነ መቀቀሉ አያስፈልግም፤ አጥቦ ማድረቅ፣ ግንዱን አስቀድሞ መጥበስና ቅጠሉን መጨረሻ ላይ መጨመር ይበቃል።

ሎሚ የምጨምቀው ሰሃን ላይ ከቀረበ በኋላ ብቻ ነው። አሲድና ሙቀት ሲገናኙ ለቅጠል አረንጓዴነት የሚሰጠው ክሎሮፊል ማግኒዥየሙን ያጣና ወደ ደብዛዛ የወይራ ቀለም ይለወጣል፤ መጥበሻው ላይ ሎሚ የጨመቅኩባቸው ቀናት ፎሶሊያዬ ገበታ ላይ ሳይደርስ የከረመ ይመስል ነበር። በዚህም ምክንያት ለነገ እንደሚተርፍ ካወቅኩ ድርሻውን ሎሚ ሳይነካው ለይቼ አስቀምጣለሁ።