ቁጢጥ ብድግ

የቢሯችን ማህተም የሚቀመጠው በጠረጴዛዬ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ታመጣለች።

ከፋሲል ግንብ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተተክለን እንውላለን። ሰኞ ከሰዓት "ስፖርት እንጀምር" ያልኩት እኔ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር እንዲሠራ ይመክራል። እኔ የኋለኛዋን ብቻ አንጠልጥዬ፣ ለዓመታት የተቀመጥነውን በአንድ ቀን ላካክስ ተነሳሁ፦ ቁጢጥ ብድግ፣ 20 ጊዜ፣ አምስት ዙር። መቶ ማለት ነው። ሒሳብ ሹማችን "ዕዳውን ከፋፍለን ብንከፍለውስ?" ብለው ነበር። ማን ሰምቷቸው!

ያን ዕለት ሁላችንም ጀግና ሆነን ቤታችን ገባን። ማክሰኞ ጭናችን ያዝ አደረገን። ረቡዕ ተቆለፈ። ይህ ሕመም የሚብሰው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ "ነገ ይሻለኛል" አይሠራም። ጦሱ ደግሞ ከመነሳቱ ይልቅ ዝቅ ከማለቱ ነው፤ ጡንቻው ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ ሲሠራ፣ ካልለመደው ውስጥ ውስጡን ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ደረጃ መውጣቱ እሺ ብሎ መውረዱ እምቢ የሚለውም ለዚህ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስድስታችንም የደረጃውን ብረት ጨብጠን የኋሊት ወረድን። የቁጢጡን መጸዳጃ ቤት ነገር አታንሱብኝ።

ደግሞ እኮ አሠራሩ ቀላል ነበር። ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ እግርን በትከሻ ልክ ከፍቶ፣ ተረከዝ ሳይነሳ፣ ጉልበት በእግር ጣቶች አቅጣጫ ሆኖ፣ ወንበሩን በመቀመጫ ነካ አድርጎ መነሳት። ወንበሩ ጎማ ካለው ይሸሻል፤ ይህንን በአንድ ባልደረባችን ወገብ አረጋግጠናል። 8 ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ እረፍት፣ ሌላ 8። በቃ። ሁለት ቀን አሳርፎ መድገም፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት መጨመር። ለ150ዋ ደቂቃ ግንቡ አለልን፤ አጥሩ 900 ሜትር ያህል ነውና፣ ሦስት ዙር ፈጠን ብሎ መራመድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በአምስት የሥራ ቀን ሞላ ማለት አይደል? ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆንን ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ልኩ፣ እያወሩ መሄድ መቻል፣ መዝፈን ግን አለመቻል ነው። የተሳሰረ እግርን ቀስ ያለ እርምጃ እንጂ መኝታ አያፍታታውም። ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ቀልድ የለም፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት።

ረቡዕ ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው ትንፋሻቸው እንኳ ሳይቆራረጥ ገቡ። ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቆየት የት አገር ያለ ነው? ሁላችንም "ኖር!" ብለን ተነሳን። ማለቴ፣ መነሳት ጀመርን። እግራችን ግማሽ ላይ ቀረ። አንዷማ "ኖ..." ብላ ጀምራ "...ወይኔ እናቴ!" ብላ ጨረሰችው።

"በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ። ምነው፣ ቁርጥማት ገባባችሁ እንዴ?"

ደብዳቤያቸው ማህተም ይፈልጋል። ማህተሙ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ጠረጴዛውን ተደግፌ ወረድኩ፣ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ አገኘሁት። መነሳት ግን የለም። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩኝና ደብዳቤውን ቁልቁል አቀበሉኝ።

"እዚያው ምታው ልጄ፣ አትቸገር።"

እዚያው መታሁት። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ደረጃውን ወረዱ፤ ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው።