ፍሬኑን ለመኪናዋ፣ መሪውን ለእኔ

መኪና ከመግዛቴ በፊት አንድ ወር ሙሉ ማስታወሻ ያዝኩ። የዋጋ ማወዳደሪያ እንዳይመስላችሁ። በአሮጌዋ የቤንዚን መኪናዬ ስነዳ «ኡፍ፣ ለጥቂት!» ያልኩባትን እያንዳንዷን አጋጣሚ ማታ ቤት ስገባ ባጭሩ እጽፋት ነበር። በወሩ መጨረሻ ስቆጥር አሥራ አንድ ሆኑ። አምስቱ ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም፣ አራቱ ወደኋላ ስወጣ፣ አንዷ በስፖኪዮ ያልታየኝ ሞተረኛ፣ የቀረችው ደግሞ ደክሞኝ ረድፌን የሳትኩባት ምሽት ነበረች።

ማስታወሻውን የያዝኩት አንድ ነገር መወሰን ስላቃተኝ ነው። ዓይኔን የጣልኩባት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በሁለት ዓይነት ትሸጥ ነበር። አንደኛዋ ባዶዋን ናት፤ ኤርባግ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ መሪ፣ አራት ጎማ፣ በቃ። ሁለተኛዋ የአሽከርካሪ እገዛ የሚሉት ጥቅል አላት፤ ራሱ የሚይዝ ፍሬን፣ ከረድፍህ ስትወጣ መሪውን የሚመልስ ረድፍ ጠባቂ፣ የፍጥነት ምልክት አንባቢ፣ የኋላ ካሜራና ሰንሰር። ሻጩ «ይቺ እኮ ራሷን ትነዳለች» አለኝ፤ ውሸት ነው። መካኒክ ጓደኛዬ ደግሞ «ርካሽ መኪና የሚገዛው ጣጣ ለመቀነስ ነው። ሽቦ በበዛ ቁጥር ብልሽት ይበዛል፤ ባትሪህንም ይበላዋል» አለ።

የባትሪውን ነገር ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትጠቀማለች ብንል፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የምትወስደው ኃይል ወደ 6 ኪሎዋት ነው። የፊት ካሜራውና ትንሿ ኮምፒውተሩ 40 ዋት ቢፈልጉ እንኳ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የመኪናው ማሞቂያ ብቻውን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ስለዚህ በባትሪ በኩል ጓደኛዬ ተሳስቷል። በሽቦው በኩል ግን ትንሽ እውነት ነበረው፤ እመለስበታለሁ።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ከፊትና ከኋላ የመጡ ስለነበሩ ጥቅሉ ያላትን ገዛሁ። የአሜሪካው የሀይዌይ ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም ባጠናው መሠረት፣ ማስጠንቀቂያና ራሱ የሚይዝ ፍሬን ያላቸው መኪኖች ከፊት ያለውን መኪና ከኋላ የመግጨታቸው ነገር በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ወደኋላ ሲወጡ የሚደርሰው ግጭት ደግሞ ካሜራ፣ ሰንሰርና የኋላ ራስ-ፍሬን ሦስቱም ሲኖሩ በ78 ከመቶ ይወርዳል። የእኔዋ የኋላ ራስ-ፍሬን የላትም፤ ቢሆንም ካሜራና ሰንሰሩም ቀላል ነገር አይደሉም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ባዶ ሜዳ ወስጄ ልፈትናት ተነሳሁ። የማቀዝቀዣ ካርቶን መሐል ላይ አቆምኩና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ወደ እሱ ነዳሁ። እግሬን ከፍሬኑ አርቄ፣ ልቤ እየመታ፣ ትቆማለች ብዬ ጠበቅሁ። ካርቶኑን ጨፍልቃው አለፈች። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ደገምኩ፤ ያው ነው። ተበላሽታ ነው የሸጡልኝ ብዬ ስልክ አነሳሁ፤ ደግነቱ ከመደወሌ በፊት የመመሪያ መጽሐፏን ገለጥኩ። ማንም የማያነበው ክፍል ውስጥ፣ «ገደቦች» በሚለው ሥር፣ ካሜራው የሚለየው መኪና፣ እግረኛና ብስክሌተኛ እንደሆነ ተጽፏል። ካርቶን ለእሱ ምንም አይደለም። ራዳር ያላቸው መኪኖችም ቢሆኑ ወረቀት የራዳሩን ሞገድ ደህና አድርጎ አይመልስላቸውም። መመሪያው በገዛ እጃችሁ እንዳትፈትኑ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ያነበብኩት ግን ካርቶኑን ሁለት ጊዜ ከረገጥኩ በኋላ ነው። እዚያው ሜዳ ላይ ተቀምጬ ያንን ክፍል እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ጨለማ፣ ኃይለኛ ዝናብ፣ ከፊት የሚመታ ፀሐይ፣ የቆሸሸ መስታወት። ካሜራው ዓይን ነው፤ ዓይን የሚያቅተው ሁሉ ያቅተዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ያልጠበቅሁት መጣ። ኤሌክትሪክ መኪና የነዳ ያውቀዋል፤ እግርህን ከመርገጫው ስታነሳ ሞተሩ ራሱ እየጎተተ ያዘገይሃል፣ የተገኘውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሰው ሲለምደው ፍሬን መርገጥ ይረሳል። እኔም ረስቻለሁ። ያን ቀን ጠዋት ባትሪው 100 ከመቶ ሞልቶ ነበር። የሞላ ባትሪ ደግሞ የሚመለሰውን ኃይል የሚያኖርበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ መኪናዋ ያን መጎተት ትቀንሰዋለች። ይህን በንባብ አውቀው ነበር፤ እግሬ ግን አያውቅም። ከፊቴ ያለው ሚኒባስ የፍሬን መብራቱን አበራ፤ እንደ ልማዴ እግሬን አነሳሁ፤ መኪናዋ አልዘገየችም፣ ተንሸራትታ ቀጠለች። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳለህ። እኔ «ምን ሆነች?» ብዬ ሳስብ አንዱ ሰከንድ አለቀ። ከዚያ ጩኸት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ምልክት፣ ቀበቶው ደረቴን ጨመቀው፤ የሚኒባሱ ታርጋ በግልጽ እስኪነበበኝ ቀርቤ ቀጥ አልን። የእኔ እግር ፍሬኑ ላይ የደረሰው ከቆምን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቻርጁን 80 ከመቶ ላይ እንዲቆም አድርጌዋለሁ፤ ለባትሪው ዕድሜም ይበጃል። ግን ልብ በሉ፤ የተለመደው መዘግየት በሞላ ባትሪ መቀነሱ የኤሌክትሪክ መኪና የራሱ ወጥመድ ነው። ርካሽ መኪና የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነዳ ሰው ነው። ራሱ የሚይዝ ፍሬን ለዚህ ሰው ቅንጦት ነው የሚሉኝን ከዚያ ጠዋት በኋላ መስማት አልቻልኩም።

ረድፍ ጠባቂው ሌላ ታሪክ ነው። መስመሩ ጥርት ባለበት ሰፊ መንገድ ላይ ሸጋ ነው። የመንገድ ሥራ ባለበት ግን አሮጌው ነጭ መስመር ሳይጠፋ አዲስ ቢጫ ይቀባል፤ መኪናዋ ነጩን መርጣ መሪዬን ወደ ፕላስቲክ ማገጃው ሳብ አደረገችው። ኃይለኛ አይደለም፤ በሁለት ጣት ይመለሳል። የከፋው ግን ይህ አይደለም። በሁለተኛው ወር ራሴን ታዘብኩት፤ እጄ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኔ የባትሪውን መቶኛ እያየ ነው፣ መንገዱን ትቼላታለሁ። መኪናዋ ግን አልተቀበለችኝም፤ እሷ ረዳት ናት፣ ኃላፊው እኔ ነኝ። ረድፍ ጠባቂውን ያን ቀን አጠፋሁት። ሞተሩን ባስነሳሁ ቁጥር ግን ተመልሶ ስለሚበራ፣ ማጥፋት የቀበቶ ያህል የየጠዋት ሥራዬ ሆነ።

የፍጥነት ምልክት አንባቢውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከዋናው መንገድ ጎን ያለውን የመጋቢያ መንገድ ምልክት አንብቦ በሰዓት 80 ስሄድ 30 ነው ብሎ ይጮህብኛል። አሥር ጊዜ በከንቱ የጮኸን ነገር አሥራ አንደኛው ላይ ማን ይሰማዋል? የአውሮፓ ኅብረት ይህንኑ፣ ረድፍ ጠባቂንና ራስ-ፍሬንን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጓል። በፍሬኑ እስማማለሁ። በጩኸቱ አልስማማም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ሽቦ። ጠጠር ተፈናጥሮ የፊት መስታወቴን ሰነጠቀው። መስታወት የሚቀይሩ ዘንድ ወሰድኳት፣ በግማሽ ቀን ቀይረው መለሱልኝ። ካሜራው ግን ያ መስታወት ላይ ነው የተጣበቀው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ሩቅ ያለውን ነገር በሌላ ቦታ ያየዋል። አላስተካከሉትም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በማግስቱ በባዶ መንገድ፣ ጎን በቆመ መኪና ደንግጣ፣ ፍሬን ያዘች። ከኋላዬ ሰው ቢኖር ኖሮ የሚገጨው እኔን ነበር። ካሜራውን እንደገና ለማስተካከል መሣሪያው ያለው ሌላ ቦታ መሄድ ግድ ሆነ፤ ክፍያውም ከመስታወቱ ብዙም አላነሰም። ርካሽ መኪና የምትገዙ ሰዎች ይህን ወጪ ከወዲሁ ቁጠሩት፤ መስታወት ከማስቀየራችሁ በፊትም «ካሜራውን ታስተካክላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ባዶዋን በገዛሁ ብዬ አልተጸጸትኩም። ለእኔ መለያው አንድ ነው። እኔ እስክሳሳት ተኝቶ የሚጠብቅ ነገር፣ ማለትም ፍሬኑ፣ የኋላ ካሜራው፣ ሰንሰሩ፣ በርካሿም ላይ ይኑር፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ያለ ምርጫ። ሥራዬን ተቀብሎ የሚያዘናጋኝ ነገር ግን ለፈለገው ይሸጥ። ኤቢኤስም እ.ኤ.አ. በ1978 መርሴዲስ ቤንዝ ትልቁ መኪናው ላይ ሲያወጣው በተጨማሪ ክፍያ የሚገኝ ነበር፤ ዛሬ ኤቢኤስ የሌላት መኪና ስጡኝ የሚል የለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ፣ ሲገል የምትባለውን ትንሿን መኪናውን ጨምሮ፣ የእገዛ ሥርዓቱን በርካሾቹ ላይም እንደሚያስገባ ሲያስታውቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የቻይና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር አምራቾቹን ሰብስቦ የእነዚህን ሥርዓቶች ችሎታ አጋንናችሁ አታስተዋውቁ ሲላቸው ደግሞ ያ «ራሷን ትነዳለች» ያለኝ ሻጭ ትዝ አለኝ።

መካኒክ ጓደኛዬ በመጨረሻ ባዶዋን ገዛ። ባለፈው እሑድ የኋላ ካሜራ ገዝቶ መጣና አብረን ገጠምነው፤ ሽቦውን በጣሪያው ሥር አሳልፈን፣ ስክሪኑን ዳሽቦርዱ ላይ አጣብቀን፣ ሁለት ሰዓት አልፈጀብንም። ሲሠራ ደስ ብሎት ሦስት ጊዜ ወደኋላ ወጣ ገባ። ከዚያ መኪናውን አጥፍቶ ትንሽ ዝም አለና፣ «ፍሬኑስ? እሱንም በኋላ መግጠም ይቻላል?» አለኝ።

«እሱ አይቻልም» አልኩት። «ከፍሬን መቆጣጠሪያው ጋር ተቀናጅቶ ከፋብሪካ ካልወጣ አይሆንም። መካኒኩ አንተ አይደለህ? ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ» አለ፣ የተረፈውን ሽቦ እየጠቀለለ።